ድክ ድክ የሚል ልጅ ይዛ ቤት የዋለችን እናት ከሰው ማገናኘት፦ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች

ልጅ ሲወለድ ቤቱ በሰው ይሞላል። ገንፎ ይገነፋል፣ አራስ ጠያቂ በየተራ ይመጣል፣ ዳይፐር በካርቶን ይቆለላል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ከተነሱ በኋላ ግን ሁሉም ወደየሥራው ይመለሳል። ልጁ ቆሞ መሄድ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ዓይን የማይነቀልበት ጊዜ ሲመጣ በሩን የሚያንኳኳው ዕቃ አድራሽ ብቻ ነው። ባል ሌሊቱን ኡበር ሲነዳ ወይም ፓርኪንግ ሲሠራ አድሮ ቀን ይተኛል፤ እሷም እሱ እንዳይነቃ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ውስጥ ልጁን "እሽሽ" ስትል ትውላለች።

ይህ መመሪያ ሊረዳት ለሚፈልግ ሰው የተዘጋጀ ነው፦ ለእህት፣ ለጎረቤት፣ ለክርስትና እናት፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተክርስቲያን ለምታውቃት ጓደኛ። እናት እንበል እንጂ፣ ሚስቱ ቀን ስለምትሠራ ልጅ ይዞ የሚውል አባትም፣ የልጅ ልጅ ልትጠብቅ በቪዛ የመጣች አያትም አሉበት። አያቶች በተለይ ይረሳሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጎረቤት እየተጣሩ ኖረው 11ኛ ፎቅ ላይ ከአንድ ልጅ ጋር ተዘግቶባቸው ይውላሉ።

አንድ ነገር ቀድሞ ይታወቅ፦ ሊንክ መላክ ብቻውን አይረዳም። የላይብረሪ ፕሮግራም፣ የካውንቲ ስልክ፣ የቴሌግራም ግሩፕ የሚልክላት ሰው አላጣችም። የሚያስፈልጋት በመጀመሪያው ቀን በሯ ድረስ መጥቶ "ጫማውን አድርጊለትና እንሂድ" የሚላት ሰው ነው።

1. ስለ ትናንት ይጠይቁ

"ብቸኝነት ይሰማሻል?" ካሏት "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ወይም "አልሐምዱሊላህ" ብላ ወሬው ያበቃል። ቡና እየተፈላ ወይም ዕቃ እያጠባችሁ ስለ ትናንት ይጠይቋት። "ትናንት እንዴት ዋላችሁ? ስንት ሰዓት ተነሳ? ምሳ ምን በላችሁ? ማን ደወለልሽ?" ከመልሱ ውስጥ የሚፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ልጁ በስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ መኪና ትነዳ እንደሆነ፣ እንግሊዝኛዋ እስከ ምን እንደሚያስኬዳት፣ ከቤት ስትወጣ ምን እንደሚያስፈራት።

ፍርሃቱን አያቃሉት። በብዛት የሚሰማው "ልጄ ይጮህና ሰው ሁሉ ያየኛል"፣ "ወረቀት ይጠይቁኛል"፣ "ሐበሻ ካለ ሐሜት አለ"፣ "ቡዳ ይበላብኛል" የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ሰበብ መልስ መደርደር ክርክር ያመጣል። ስለ ወረቀቱ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ይስጧት፦ በአካባቢው የሕዝብ ላይብረሪዎች ለልጆች ንባብ (ስቶሪታይም፣ ለትንንሽ ልጆች መጽሐፍ የሚነበብበትና የሚዘፈንበት ሰዓት) ለመግባት በተለምዶ መታወቂያም ሆነ የላይብረሪ ካርድ አይጠየቅም፤ ካርድ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ለመዋስ ነው። ሐሜት የምትፈራን እናት ደግሞ ወደ ሐበሻ ስብስብ አይጎትቷት። የማታውቃቸው ሰዎች መሃል መጀመር ይቀላታል።

ስልኳን፣ ገንዘቧን ወይም ፓስፖርቷን ሌላ ሰው ከያዘባት፣ ወይም "ያለ እሱ ፈቃድ አልወጣም" ካለች ነገሩ የልጆች ቡድን የሚፈታው አይደለም። አድራሻና ምክር በጽሑፍ አይላኩላት፤ ስልኳ ሊታይ ይችላል። በራስዎ ስልክ ወደ ብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር 1-800-799-7233 ደውለው እንዴት እንደሚረዷት ይጠይቁ። አስተርጓሚ አላቸው።

2. ሐዘን ወይስ ሕመም?

ቡድን የብቸኝነት መድኃኒት ሊሆን ይችላል፤ የድብርት መድኃኒት ግን አይደለም። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት የሚመጣው ሆድ መባስና ማልቀስ በአብዛኛው በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ልጁ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ካስጠላት፣ ልጇን ስታየው ምንም ካልተሰማት ወይም "ያለ እኔ ይሻላቸው ነበር" ካለች ሐኪም ያስፈልጋታል። ይህ በአራስነት ጊዜ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ልጁ ዓመት ሊሞላው ሲልም ሊጀምር ይችላል። የልጁ ሐኪም ዘንድ ለክትባት ስትሄድ ስለ ራሷ የሚጠይቅ ባለ 10 ጥያቄ ወረቀት ሰጥተዋት ሊሆን ይችላል። የኤድንበራ መጠይቅ ይባላል፤ በአማርኛ ተተርጉሞ አዲስ አበባ ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2010 ታትሟል። እንግሊዝኛውን ሳይገባት "ኖ፣ ኖ" እያለች ሞልታው ከሆነ፣ በአስተርጓሚ ድጋሚ እንዲጠይቋት ትንገራቸው።

የሚደወልባቸው፦ የእናቶች የአእምሮ ጤና መስመር 1-833-852-6262፣ 24 ሰዓት፣ ነጻ ነው። መልስ የሚሰጡት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ስለሆነ እንደተነሳ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር" ይበሉ። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ወደ 988፣ ማለትም ወደ ቀውስ እርዳታ መስመሩ፣ ይደውሉ። የሌለ ድምፅ ከሰማች፣ ከተምታታባት ወይም ለቀናት ሳትተኛ ጉልበቷ የማያልቅ ከመሰለ 911 ይደውሉ፤ ነገ የሚባል ቀጠሮ የለም። ቤተሰብ ፀበል ሊወስዳት ከፈለገ አይከራከሩ፤ ፀበሉም ሐኪሙም ይሁን። የታዘዘላት መድኃኒት ግን ሐኪሟ ሳያውቅ አይቋረጥ።

3. ካርታውን ያጥብቡ

በአንድ እጅ ልጅ፣ በሌላው ስትሮለር፣ ጀርባ ላይ ቦርሳ ይዞ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር አንድ ጊዜ ይቻላል፤ በየሳምንቱ አይቻልም። በጣም ጥሩ የተባለው ቡድን አውቶቡስ የሚያስቀይር ከሆነ ይተዉት። ከቤቷ በእግር 15 ደቂቃ ወይም በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ መናኛ ቡድን ይሻላል።

በሞንትጎመሪ ካውንቲ የራይድ ኦን አውቶቡሶች ከጁን 2025 መጨረሻ ጀምሮ ነጻ ናቸው፤ የአሌክሳንድሪያው ዳሽ አውቶቡስም ከ2021 ጀምሮ አያስከፍልም። በሜትሮ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሁለት ልጆች ከአንድ ከፋይ ሰው ጋር በነጻ ይሄዳሉ። ባቡር ከሆነ መንገዱ የሊፍቱን መሥራት ይጠይቃል፤ ከመውጣታችሁ በፊት የጣቢያው ሊፍት እንዳልተበላሸ የሜትሮው መተግበሪያ ላይ ይታያል። ስትሮለሩ በአንድ እጅ የሚታጠፍ ቀላሉ ዓይነት ይሁን። ትልቁ፣ ለቤቢ ሻወር በስጦታ የመጣው፣ ለአውቶቡስ አይመችም።

ቀጥሎ እንቅልፍ። አብዛኞቹ የልጆች ንባቦች ከረፋዱ 10 እስከ 11 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር) መካከል ናቸው። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሆነውና ከምሳ በኋላ አንዴ ብቻ የሚተኛው ልጅ ይስማማዋል። የ13 ወሩ ግን ገና ረፋድ ላይ የሚተኛ ከሆነ እዚያው ይንገበገባል፤ ለእሱ 9:30 ወይም ከሰዓት በኋላ ያለውን ይፈልጉ። ብዙ እናቶች "ልጄ ከሰው አይስማማም" ብለው የሚተዉት፣ ችግሩ ሰዓቱ ሆኖ ሳለ ነው።

4. ፍለጋው፦ ላይብረሪ ይቅደም

ላይብረሪ የሚቀድመው ነጻ ስለሆነ ብቻ አይደለም። በየሳምንቱ ያው ሠራተኛ፣ ያው ምንጣፍ፣ ያው ዘፈን ነው፤ የሚመጡትም በአብዛኛው የሰፈሩ ሰዎች ስለሆኑ ፊታቸው ይለመዳል። ከስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መካከል የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም እስከ 6 ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ነጻ መጫወቻ ክፍል አለው፤ ልጅን ያስደስታል፤ ነገር ግን በሄደች ቁጥር የምታገኘው ሌላ ቱሪስት ነው። ብቸኝነትን የሚቀንሰው ተመላልሶ መተያየት ነው።

የላይብረሪውን ድረ ገጽ ሲከፍቱ የዝግጅት ካላንደሩ ውስጥ መጀመሪያ ቅርንጫፉን፣ ቀጥሎ ዕድሜውን ይምረጡ። "ቤቢ" የሚለው ገና ላልሄዱ፣ "ቶድለር" ከ1 እስከ 3 ዓመት፣ "ፕሪስኩል" ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው፤ "ፋሚሊ" የሚለው ሁሉንም ይቀበላል፤ ሁለት ልጅ ላላት የሚመቸውም እሱ ነው። ካላንደሩን ብቻ አይመኑ። ደውለው አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ "ድሮፕ ኢን (ሳይመዘገቡ የሚገባበት) ነው ወይስ ሬጂስትሬሽን (ምዝገባ) ይፈልጋል? ቦታው ይሞላል ወይ፣ ትኬት የሚታደለውስ ስንት ሰዓት ነው? ከንባቡ በኋላ መጫወቻ ጊዜ አለ? በዚህ ወር የሚዘጋበት ሳምንት አለ?" ሦስተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ምርጫውን የሚወስነው ግን እሱ ነው። ንባቡ 20 ወይም 30 ደቂቃ ነው፤ ሰው ከሰው የሚነጋገረው ከዚያ በኋላ ባለው ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። መጫወቻ ጊዜ የሌለው ከሆነ አጠገቡ መጫወቻ ሜዳ ያለውን ቅርንጫፍ ይምረጡ።

ከላይብረሪ ቀጥሎ የካውንቲውና የከተማው መዝናኛ ማዕከላት አሉ። ለትንንሾቹ ኳስና ምንጣፍ ዘርግተው ጂሙን የሚከፍቱበት ሰዓት አላቸው፤ የሚመዘገቡባቸው ኮርሶች ግን በየወቅቱ ምዝገባ በተከፈተበት ቀን ይሞላሉ። በሜሪላንድ ጁዲ ሴንተር የሚባሉት ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጋር የተያያዙ ማዕከላት ከልደት እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው ነጻ የጨዋታ ቡድን አላቸው፤ አካባቢዋን የሚሸፍን መኖሩን ትምህርት ቤቱ ይነግራችኋል። የፈረንጅ ቤተክርስቲያኖች ቤዝመንት ውስጥ ያሉት ቡድኖችም ደግ ናቸው፤ አባል መሆን አይጠየቅም፤ ጸሎት መኖሩን ግን አስቀድመው ይጠይቁላት። የት እንደሚጀመር ጨርሶ ከጠፋዎት የአካባቢ አገልግሎቶችን የሚጠቁመው መስመር 211 ደውለው ዚፕ ኮድና የልጁን ዕድሜ ይንገሩ።

እንግሊዝኛ ለምትፈልግና ዲሲ ለምትኖር እናት ከሁሉ የሚሻለው ሌላ መንገድ ነው። ብሪያ የሚባለው ቻርተር ትምህርት ቤት ወላጅን እንግሊዝኛ እያስተማረ ልጁን እዚያው በሌላ ክፍል ያስተምራል፤ ለዲሲ ነዋሪ ክፍያ የለውም። እዚያ የምትገባ እናት ቡድን መፈለግ ሳያስፈልጋት ከሌሎች እናቶች ጋር ቀጠሮ ይኖራታል።

ከተገኙት ውስጥ አንድ ብቻ ይምረጡ። ሦስት ቡድን በአንድ ሳምንት ማስጀመር የመልካም ምኞት ስህተት ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሁሉም ይቀራል። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ ለ6 ሳምንት።

5. የመጀመሪያው ቀን

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ቦርሳው በር አጠገብ ይቀመጥ፦ 2 ዳይፐር፣ ዋይፕስ፣ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ የሚዘጋ የውኃ ኩባያ፣ ሙዝ ወይም ዳቦ። ምግቡ ለመንገድና ለመመለሻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ልጁ የክት ልብሱን አይልበስ። እናቶቻችን ልጃቸው ሰው ፊት ስለሚቀርብ አሽሞንሙነው ያመጡትና ልብሱ እንዳይቆሽሽ ሲቆጡት ሰዓቱ ያልፋል።

15 ደቂቃ ቀድመው ይድረሱ። ክፍሉ ከሞላ በር የሚዘጋ ቅርንጫፍ አለ፤ ተመልሶ መሄድ ለመጀመሪያ ቀን ትልቅ ሽንፈት ነው። ስትሮለሩ ከክፍሉ ውጭ ይቆማል፤ የእጅ ቦርሳዋ ግን አብሯት ይግባ። ወለል ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ቀሚስ ከሆነ ረዘም ያለውን ታድርግ። የምትቀመጥበት ቦታ ግድግዳው ጥግ አይሁን፤ ከበሩ ሁለት ሦስት ሰው አለፍ ብሎ ክቡ ውስጥ ይሁን፤ መውጣት ቢያስፈልግ ቅርብ ነው፤ ከሰው ጎንም ናት።

ከዚያ የሚሆነው ይህ ነው። ሠራተኛዋ የሰላምታ ዘፈን ትጀምራለች፤ አንዳንዴ የእያንዳንዱን ልጅ ስም ትጠራለች። አንድ መጽሐፍ፣ እጅ የሚያንቀሳቅስ ዘፈን፣ ሌላ መጽሐፍ። መሃል ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ጽናጽል የሚመስሉ መጫወቻዎች ወይም ስስ ሻሽ ይታደላል፤ መጨረሻ ላይ የሳሙና አረፋ ይነፋል። ወላጅ አብሮ እንዲዘፍንና እንዲያጨበጭብ ይጠበቃል፤ ቃሉን ባታውቅም እጇን ታንቀሳቅስ። ግማሾቹ ልጆች ጀርባቸውን ሰጥተው ይሮጣሉ፣ አንዱ የሠራተኛዋን መጽሐፍ ሊቀማ ይሄዳል። ሠራተኛዋ ይህን በየሳምንቱ ታያለች፤ እናትየው ግን የእሷ ልጅ ብቻ የባለገ ይመስላታል። ይህን ከመግባታችሁ በፊት ይንገሯት፤ ከገባችሁ በኋላ የሚነገር ማጽናኛ አይሰማም።

ልጁ አልቅሶ አልበርድ ካለ ወጣ ብለው ውኃ አጠጥተው ይመለሱ። ወደ ቤት አይሂዱ። ከ30 ደቂቃው 10 ደቂቃ ከቆዩ ቀኑ ተሳክቷል።

የእርስዎ ሥራ ልጁን መያዝ ነው እንጂ ለእሷ ማውራት አይደለም። ዘፈኑ አልቆ መጫወቻው ሲወጣ ልጁን ይዘው ራቅ ይበሉ። ሁልጊዜ የሚያስተረጉሙላት ከሆነ ሰዎቹ ከእርስዎ ጋር ይተዋወቃሉ። ለመነሻ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፦ "ሃው ኦልድ ኢዝ ሂ?"፣ "ዱ ዩ ካም ኤቭሪ ዊክ?"፣ "አይ አም ኒው ሂር።" የመጨረሻዋ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ነባሮቹ ወሬውን ይቀጥሉታል።

6. ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት

መክሸፉ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፤ በአብዛኛውም በጉንፋን ምክንያት ነው። ቤት የዋለ ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲቀላቀል በመጀመሪያው ክረምት ደጋግሞ ይጉነፋል። አባት "ምን አስወጣሽ፣ አሳመምሽው" ይላል፤ ነገሩ እዚያ ያበቃል። ስለዚህ ባልየው ባለበት አስቀድመው ይንገሩ፦ ጉንፋኑ ይመጣል፤ ዘንድሮ ካልመጣ ትምህርት ቤት ሲገባ ይመጣል። ክትባቱ የተሟላ መሆኑን ያረጋግጡ። ትኩሳት ካለው ትቅር፤ ያለ መድኃኒት 24 ሰዓት ትኩሳት ከሌለው ይመለስ። ንፍጥ ብቻ አያስቀርም።

ሁለተኛው እንቅፋት "ማንም አላናገረኝም" የሚለው ነው። ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ ዘፈኑ እንዳለቀ ተነስታ ትሄዳለች፤ የምትቆይበትን ሩብ ሰዓት ሳታየው። ሁለተኛ፣ በዚህ አካባቢ ንባብ ላይ ከሚቀመጡት ብዙዎቹ ናኒዎች (ተቀጥረው የሰው ልጅ የሚጠብቁ) ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። ከናኒዎቹ መካከል አማርኛ የሚናገሩ ሴቶች አይጠፉም፤ ነጠላ ባይለብሱም ልጁን "ና እስቲ፣ ማሙሽ" ሲሉ ይሰማል። ሰፈሩን፣ የትኛው ሜዳ ላይ ጥላ እንዳለ፣ የትኛው ቅርንጫፍ ሞቅ ያለ ሠራተኛ እንዳለው ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሥራቸው ሲቀየር ግን ይጠፋሉ፤ ስለዚህ ከአንዲት ናኒና ከአንዲት እናት ጋር ብትግባባ ይሻላል።

ሦስተኛው የልማድ ልዩነት ነው። ፈረንጅ "አንድ ቀን እንገናኝ" ቢል ቀጠሮ አይደለም፤ ቀንና ሰዓት ያልተባለበት ግብዣ ሰላምታ ነው። እሷ ራሷ ቁርጥ ያለውን ትበል፦ "ዊ ጎ ቱ ዘ ፕሌይግራውንድ ናው። ዱ ዩ ዋንት ቱ ካም?" እዚያው፣ ዛሬ፣ ወዲያው የሚሆን ጥሪ ስለሆነ እምቢ ቢባልም አያሳፍርም። ስልክ ቁጥር የምትጠይቀው ሦስተኛ ጊዜ ከተያዩ በኋላ ነው። ሳይደውሉ ቤት መሄድ እኛ ዘንድ ፍቅር ነው፤ እዚህ ያስደነግጣል።

እርስዎ ደግሞ ቀስ እያሉ ይውጡ። 1ኛና 2ኛ ሳምንት ከቤቷ ይዘዋት ይሂዱ። 3ኛው ላይ እዚያው ላይብረሪ በር ላይ ይገናኙ። 4ኛው ላይ ጠዋት 8:30 ደውለው "ወጣሽ?" ይበሏት፤ አይሂዱ። ከዚያ በኋላ ማታ ላይ እሷ እንድትነግርዎ ይጠብቁ። ሁለት ሳምንት ተከታትላ ከቀረች አይውቀሷት፤ አንድ ጊዜ ደግሞ አብረው ይሂዱ።

7. በአማርኛ የራስ ቡድን ማቋቋም

እንግሊዝኛ ለማትሰማ አያት ወይም ልጇ አማርኛ እንዲለምድ ለምትፈልግ እናት ይህ ያስፈልጋል። ስምንት ስም ካልያዙ አይጀምሩ፤ በማንኛውም ቀን የሚመጣው ግማሹ ነው። ቦታው ቤት አይሁን። በየተራ ቤት ለቤት የሚዞር ቡድን በሁለት ወር ይፈርሳል፤ የመጀመሪያዋ ዳቦ ታቀርባለች፣ ሁለተኛዋ ድፎ ከአይብ ጋር፣ ሦስተኛዋ ዶሮ ካልሠራሁ ብላ ትጨነቃለች፤ አራተኛዋ ቤቷ ጠባብ ስለሆነ መምጣት ታቆማለች። የቤተክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ፣ የአፓርታማው የጋራ ክፍል፣ ወይም ቀድሞ የሚያዝ የላይብረሪ ክፍል ይጠይቁ። መዋጮም አይኑር።

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል፦ ወደ 40 ደቂቃ ዝም ብሎ ጨዋታ፣ 15 ደቂቃ ተረትና መዝሙር ወይም አኩኩሉ፣ 20 ደቂቃ መክሰስ፣ ቀሪው ዕቃ መሰብሰቢያ። ለመጫወቻ ውድ ነገር አያስፈልግም፦ ሁለት ትልልቅ ምንጣፍ፣ ደርዘን ኳስ፣ ባዶ ፕላስቲክ ዕቃና ጭልፋ፣ ካርቶን። በባዶ የመጸዳጃ ወረቀት ጥቅል ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ለዚህ ዕድሜ ያንቃል፤ ያውጡት። ቆሎ፣ ለውዝና ፈንድሻ ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም፤ ወይን በቁመቱ አራት ቦታ ይቆረጣል። አለርጂ ያለበትን በመጀመሪያው ቀን ይመዝግቡ።

ሐበሻ ያለ ቡና አይሰበሰብም፤ ግን ድክ ድክ የሚል ልጅ ባለበት ክፍል ጀበናና ምድጃ አይታሰብም። በፔርሙስ ይምጣ፣ ክዳን ባለው ኩባያ ይጠጣ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ያድርጉት፤ ረቡዕና አርብ የጾም ነገር መክሰሱን ያወሳስበዋል። ፍራፍሬና ዳቦ ካቀረቡ ክርስቲያንም ሙስሊምም አብረው ይበላሉ። የቴሌግራም ግሩፑ ለቀጠሮ ብቻ ይሁን፤ የአገር ቤት ፖለቲካ የገባበት ዕለት ግማሹ ሰው ይወጣል። ይህን ሕግ ጠቡ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ግሩፑ የተከፈተ ቀን ይለጥፉት።

8. ቤት ድረስ የሚመጣ እርዳታ

መውጣት ጨርሶ ለማትችል ሰው ቤት የሚመጡ ፕሮግራሞች አሉ፤ የመግቢያ ዕድሜያቸው ግን ይለያያል። ኸልዚ ፋሚሊስ የሚባለው በእርግዝና ወይም ልጁ 3 ወር ሳይሞላው መመዝገብ ይፈልጋል። ፓረንትስ አዝ ቲቸርስ የሚባለው ድክ ድክ የሚለውንም ይቀበላል፤ የወላጆች የጋራ ስብሰባም አለው። በእሷ ካውንቲ የትኛው እንዳለ 211 ወይም የልጁ ክሊኒክ ይነግርዎታል። ዊክ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት የመንግሥት ድጋፍ ምግብ ብቻ አይምሰላችሁ፤ ለእርጉዝና ለምታጠባ እናት፣ ልጁም 5 ዓመት እስኪሞላው ያገለግላል፤ የጡት ማጥባት አማካሪም አለው።

ልጁ 2 ዓመት ሞልቶት ሁለት ቃል ካላገናኘ ወይም ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ "ሁለት ቋንቋ ስለሚሰማ ነው" ብሎ መጠበቅ ያስጎዳል፤ ሁለት ቋንቋ ንግግር አያዘገይም። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ምርመራው በነጻ ነው፤ ያለ ሐኪም ማዘዣ እናት ራሷ ትደውላለች። በዲሲ ስትሮንግ ስታርት፣ በሜሪላንድ ኢንፋንትስ ኤንድ ቶድለርስ፣ በቨርጂኒያ ኢንፋንት ኤንድ ቶድለር ኮኔክሽን ይባላል። ከተደወለበት ቀን ጀምሮ በ45 ቀን ውስጥ ምርመራውን ጨርሰው ለእቅድ መቀመጥ አለባቸው፤ ቀኑን ጻፉት። ባለሙያዎቹ ቤት ስለሚመጡ በየሳምንቱ የምታየው ሰው ታገኛለች።

በየትኛውም ቢሮ አስተርጓሚ መጠየቅ ውለታ አይደለም። የዲሲ የ2004 ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በቋንቋ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ አማርኛ ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልም በነጻ ማቅረብ አለበት። "አይ ስፒክ አምሃሪክ። አይ ኒድ አን ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ" ብላ ትጠብቅ። ባልም፣ ትልቁ ልጅም፣ እርስዎም ስለ ጤናዋ አታስተርጉሙ፤ በእናንተ ፊት የማትናገረው ነገር ይኖራል።

9. ቡድኑ ሲዘጋ

የላይብረሪ ንባብ ዓመቱን ሙሉ አይቀጥልም። በብዙ ቦታ ኦገስት ላይና ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ያርፋል፤ በረዶ ሲጥልም ይሰረዛል። የለመደች እናት በእረፍቱ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ በመስከረም ስትጠሯት ደግሞ እንደ አዲስ ያስፈራታል። ስለዚህ ከመጨረሻው ሳምንት አንድ ሳምንት ቀድማ ከሁለት እናቶች ጋር በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት የምትገናኝበትን ሜዳ ትወስን። በሙቀት ጊዜ ከረፋዱ 10 ሰዓት በፊት ይሁን፤ በክረምት ገበያ ማዕከል ውስጥ ያለ የልጆች መጫወቻ ይፈለግ። ዲሲ ለሚኖሩ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ 3 ዓመት ለሚሞላው ልጅ ነጻ ፕሪኬ (ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት ያለ ክፍል) አለ፤ የትምህርት ቤት ዕጣ ማመልከቻው ከዲሴምበር ጀምሮ ክፍት ስለሚሆን ያኔውኑ ትሙላው። ንባቡ እንደገና ሲጀመር ቀኑ ወይም ሰዓቱ ሊቀየር ይችላል፤ ጫማ ከማድረጓ በፊት ደውላ ታረጋግጥ።